ሉድቪግ ማለት ምን ማለት ነው? ስለ አንድ ጥንታዊ የጀርመን የወንድ ስም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን አገር ነው፤ ባለቤቴም ጀርመናዊ ነው። በቅርቡ ወንድ ልጅ እንወልዳለን፤ የባለቤቴ ቤተሰቦችም ልጁ በአያቱ ስም ሉድቪግ እንዲባል ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ያሉት እናቴ ‹ትርጉሙ ምንድን ነው?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ኢንተርኔት ላይ ‹ዝነኛ ተዋጊ› የሚል አገኘሁ፤ አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ አብዶ ሐይቅ ውስጥ ሞቶ የተገኘ ንጉሥ ስም ነው ብላ አስፈራራችኝ። ስሙ በእርግጥ ምን ማለት ነው? ሉዊስ ከሚባለው ስም ጋር አንድ ነው? የክርስቲያን ስም ተብሎስ ይቆጠራል?»

ምላሽ፦

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሉድቪግ ከሁለት ጥንታዊ ቃላት የተገጣጠመ ስም ነው፤ የመጀመሪያው ቃል «ዝነኛ»፣ ሁለተኛው «ውጊያ» ማለት ነው። ከሉዊስ ጋር በመነሻው አንድ ስም ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ በቅድስና የሚታወቁ ሰዎች የተጠሩበት ስም ነው። ይህን ያህሉን ለእናትዎ በስልክ ቢነግሯቸው ስሕተት አይሆንም። ሆኖም ጥያቄው ከዚህ የሰፋ መልስ የሚገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አንድ አማርኛ ተናጋሪ «የስሙ ትርጉም» ሲል የሚጠብቀው ነገርና ይህን ስም ያወጡ ሰዎች ያሰቡት ነገር እጅግ የተራራቁ ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ ጥንታዊ ቅርጽ ኽሉዶዊግ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ‹ኽሉድ› በመነሻው «የተሰማ» የሚል ሐሳብ የያዘ ሲሆን፣ ከዚያ በሁለት መንገድ ሄዷል፤ ስሙ ሩቅ የተሰማ ሰው ዝነኛ ይባላል፣ ድምፁ ሩቅ የተሰማ ደግሞ ጯሂ ይባላል። በዛሬው ጀርመንኛ የቀረው ሁለተኛው ትርጉም ብቻ ነው። ልጆች ቤት ውስጥ ሲንጫጩ የጀርመን እናቶች «ኒሽት ዞ ላውት» እያሉ ሲገሥጹ የሚሰሙት ‹ላውት› የሚለው ቃል በባለቤትዎ አባት ስም መጀመሪያ ላይ ያለው ቃል ራሱ ነው፤ የእንግሊዝኛው ‹ላውድ›ም ወንድሙ ነው። ቃሉ በግሪክኛም ዘመድ አለው፤ ግሪኮች ዝናን ‹ክሌኦስ› ይሉታል፣ «የአባቷ ክብር» የሚል ፍቺ ባለው ክሌዎፓትራ በሚለው ስም ውስጥም ይገኛል። በግሪክኛ ‹ክ› የነበረው በጀርመናዊ ቋንቋዎች ወደ ‹ኽ›ና ‹ህ› የተለወጠበትን ሕግ አብራርቶ የጻፈው በ1785 የተወለደው ያኮብ ግሪም ነው፤ ከወንድሙ ጋር ተረቶችን በመሰብሰብ የሚታወቀው ማለቴ ነው። ሙሉ ስሙ ያኮብ ሉድቪግ ካርል ግሪም ስለነበረ፣ ያ ሕግ የሚሠራበትን አንድ ምሳሌ ከክርስትናው ዕለት ጀምሮ በስሙ ይዞት ይዞር ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ‹ዊግ› ውጊያ፣ ፍልሚያ ማለት ነው። የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት ከላቲኑ «አሸነፈ» ከሚለው ግስ ጋር ያዛምዱታል፤ ከዚያው ግስ ቪክቶር የሚለው ስም ወጥቷል፣ እርሱም በእኛ ስንክሳር ፊቅጦር ተብሎ የሚነበበው ነው። ስለዚህ ሉድቪግ ለእናትዎ ጆሮ ፍጹም ባዕድ ቢመስልም፣ የስሙ ግማሽ ከቅዱስ ፊቅጦር ስም ጋር የሩቅ ዝምድና አለው። ይህ ‹ዊግ› የሚለው ቃል ግን በዛሬው ጀርመንኛ በዕለት ንግግር ውስጥ የለም፤ ሞቷል። የሚገኘው በስሞች ውስጥ ብቻ ነው፤ ሃርትቪግ፣ ገርቪግ፣ እንዲሁም ሄድቪግ በሚባለው የሴት ስም ውስጥ። በዚህም ምክንያት ጀርመናውያን ራሳቸው ሉድቪግ ሲሉ «ውጊያ» የሚል ነገር አይሰሙም፤ ለእነርሱ ስም ብቻ ነው። የባለቤትዎን እናት «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቋቸው የሚመልሱት «የባለቤቴ ስም ነው» የሚል ቢሆን አልደነቅም፤ እንደማስረዳው፣ ያ መልስ በኢንተርኔት ካገኙት «ዝነኛ ተዋጊ» ይልቅ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

የእኛ ስም ይናገራል። ደምሰው፣ በላቸው፣ ግዛው ሲባል ወላጅ ለልጁ ትእዛዝ ወይም ምኞት እየሰጠ ነው፤ ተስፋዬ ሲባል እናት ስለ ራሷ እየተናገረች ነው፤ ማስረሻ ሲባል ከልጁ መወለድ በፊት ያለፈ ኀዘን አለ። ስሙን የሰማ ሁሉ ዐረፍተ ነገሩን ይሰማል። ጥንታውያኑ ጀርመናውያን ግን ስምን የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ለስም የተለዩ ቃላት ነበሯቸው፤ ዝና፣ ውጊያ፣ ጦር ሠራዊት፣ ሰላም፣ ብርሃን፣ ተኩላ፣ ድብ ሳይቀር፤ ከእነዚህም ሁለት ሁለቱን ያጋጥሟቸዋል። ግጥሚያው ትርጉም እንዲሰጥ ግድ አልነበረም። ፍሪድሪሽ በሚለው ስም ውስጥ «ሰላም» እና «ገዥ» አሉ፤ ይህ ግን «የሰላም ገዥ» ማለት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሄድቪግ የሚለውን ብንፈታው «ውጊያ ውጊያ» የሚል ነው፤ ይህን ብሎ ለሴት ልጁ ስም ያወጣ አባት ዐረፍተ ነገር ለመናገር እንዳላሰበ ግልጽ ነው። እንግዲህ «ዝነኛ ተዋጊ» የሚለው ፍቺ የተሳሳተው በቃላቱ ላይ አይደለም፤ የተሳሳተው ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ሐረግ በማንበቡ ነው።

ታዲያ ቃላቱን የሚመርጡት በምን ነበር? በዘር። ይህንንም ከማንም በላይ በግልጽ የሚያሳየን የስሙ የመጀመሪያው ታላቅ ባለቤት ቤት ነው። ይህ ሰው በላቲን ጽሑፎች ኽሎዶዌኹስ፣ በዛሬው ፈረንሳይኛ ክሎቪስ፣ በጀርመንኛ ኽሎድቪግ የሚባለው የፍራንኮች ንጉሥ ነው፤ ከ481 ገደማ ጀምሮ ነግሦ በ511 ፓሪስ ሞተ። ፈረንጅ የሚለው ቃላችን በዐረብኛ በኩል የደረሰን ከዚሁ ከፍራንኮች ስም ስለሆነ፣ ክሎቪስን የፈረንጆች የመጀመሪያ ታላቅ ንጉሥ ብንለው ቀልድም እውነትም ነው። የእርሱ አባት ኺልደሪክ ይባል ነበር፤ የስሙ ክፍሎች «ውጊያ» (በሌላ ቃል፣ ‹ኺልድ›) እና «ገዥ» ናቸው። ክሎቪስ ከወለዳቸው ወንዶች አንዱን ኺልደበርት አለው፤ ማለትም ከአያቱ ስም የመጀመሪያውን ግማሽ ሰጠው። ሌሎች ሁለቱን ኽሎዶሜርና ኽሎታር አላቸው፤ ለእነዚህ ደግሞ የራሱን የስም ግማሽ አካፈላቸው። ኽሎታር ዛሬ ሎታር የሚባለው የጀርመን ስም ነው። እንዲህ እየሆነ፣ የማያውቁት ሰው ስሙን በነገረዎት ቅጽበት የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። እኛ የአባትን ስም ከልጁ ስም ኋላ አስከትለን የምንፈጽመውን ሥራ፣ እነርሱ የአባትን ስም ሰንጥቀው በልጁ ስም ውስጥ በመክተት ይፈጽሙት ነበር።

በስሙ መጀመሪያ ላይ የነበረው ‹ኽ› ወዴት ሄደ ብለው ሳይጠይቁ አይቀሩም። የላቲን ጸሐፊዎች ይህን ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ለመጻፍ ተቸግረው በሁለት ፊደል ይጽፉት ነበር፤ በዘጠነኛው መቶ ዓመት ግን ከ‹ል›፣ ከ‹ር›ና ከ‹ን› በፊት ሲመጣ በጀርመንኛ እየጠፋ ሄደ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በግእዝ ኀፀበ የነበረው በአማርኛ አጠበ፣ ሐረሰ የነበረው አረሰ፣ ሐመድ የነበረው አመድ ሆኗል። የጉሮሮ ድምፅ ከጊዜ ብዛት ይደክማል፤ ኽሉዶዊግም በዚሁ ድካም ሉዶዊግ፣ ቆይቶም ሉድቪግ ሆነ።

የክሎቪስ ዘር የሆኑት ሜሮቪንጋውያን በ751 ከዙፋን ወረዱ። ያወረዳቸው የታላቁ ካርል፣ ማለትም የሻርለማኝ አባት ፒፒን ነው። አዲሱ ቤት ካርል፣ ፒፒን፣ ካርሎማን የሚባሉ የራሱ የቤት ስሞች ነበሩት፤ ኽሉዶዊግ ከእነዚህ ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን በ778 ለታላቁ ካርል መንታ ወንዶች ሲወለዱለት አንዱን ኽሉዶዊግ፣ ሁለተኛውን ኽሎታር አላቸው፤ ሁለቱም ከዙፋን የተገፋው ቤት ነገሥታት ስሞች ናቸው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ዙፋኑን በኃይል የያዘ ቤት የቀደመውን ቤት ስም ሲወርስ ሕጋዊ ወራሽነቱን እያወጀ ነው። ሣህለ ማርያም የተባሉት የሸዋ ንጉሥ ዳግማዊ ምኒልክ ተብለው ሲነግሡ ስሙ ምን ሥራ እንደሠራ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከመንታዎቹ ሎታር በሕፃንነቱ ሞተ፤ ሉድቪግ ግን አድጎ ከ814 እስከ 840 ንጉሠ ነገሥት ሆነ፣ «ጻድቁ» የሚል ቅጽልም ተሰጠው።

የስሙን ፍቺ በጽሑፍ አስፍሮ ያቆየልን ጥንታዊ ምስክር የተገኘውም በእርሱ ዘመን ነው። ኤርሞልዱስ የሚባል አንድ ባለቅኔ ንጉሡ ተቆጥቶበት ወደ ስትራስቡርግ ተግዞ ነበር፤ በ820ዎቹ ዓመታት ምሕረት ለማግኘት በላቲን ረጅም የውዳሴ ግጥም ጽፎ ላከለት። በዚያ ግጥም ውስጥ የንጉሡን ስም ሁለት ከፍሎ ይፈታል፤ የመጀመሪያው «እጅግ ዝነኛ»፣ ሁለተኛው ደግሞ የሮማውያን የጦርነት አምላክ የሆነው ማርስ ነው ይላል። ፍቺው ትክክል ነው፤ ዛሬ እኛ ከምንሰጠው አይለይም። ሆኖም ልብ ይበሉ፦ ይህን ያለው ምሕረት ለማኝ ባለቅኔ ነው፤ ስምን ሰንጥቆ ማወደስ በዚያ ዘመንም የቅኔ ሥራ እንጂ ወላጅ ስም ሲያወጣ የሚያስበው ነገር አልነበረም። ንጉሡም ቢሆን በጦርነት ዝነኛ አልሆነም፤ በ833 የገዛ ልጆቹ ተነሥተውበት ለጊዜው ከዙፋን አውርደውታል።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ ደግሞ ሉድቪግ ይባል ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች «ጀርመናዊው ሉድቪግ» ይሉታል። በየካቲት ወር 842 እርሱና ወንድሙ ካርል በታላቅ ወንድማቸው በሎታር ላይ ለመተባበር ስትራስቡርግ ላይ በየሠራዊቶቻቸው ፊት ተማማሉ። መሐላው አንዱ የሌላው ሠራዊት እንዲሰማው ሆኖ በሁለት ቋንቋ ተነገረ፤ ሉድቪግ ኋላ ፈረንሳይኛ በሚሆነው ቋንቋ፣ ካርል በጀርመንኛ ማለ። ጽሑፉ ዛሬ ድረስ አለ፤ ለስማችን ታሪክም ትልቅ ሀብት ነው፣ ምክንያቱም ያው ሰው በአንዱ ቋንቋ ሎዱቪግስ፣ በሌላው ሉዱዊግ ተብሎ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፏል። በመጀመሪያው ቅርጽ ውስጥ ያለው ‹ድ› ጠንካራ ድ አልነበረም፤ እንግሊዞች «ፋዘር» ሲሉ መካከል ላይ እንደሚሰማው የላላ ድምፅ ነበር። ከዚያ ጨርሶ ጠፋ፣ የመጨረሻው ‹ግ›ም ጠፋ፤ የቀረው ሎዊስ፣ ቆይቶም ሉዊ ነው። ሉድቪግና ሉዊ አንድ ስም ናቸው ስል እንግዲህ በግምት አይደለም፤ ስሙ መንገድ ለመንገድ የተለያየበት ቦታ በቀለም ተመዝግቦ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የፈረንሳዩ ቅርንጫፍ ታሪክ የታወቀ ስለሆነ አላበዛበትም። ፈረንሳዮች ሉዊ የሚባሉ ነገሥታትን እስከ 18 ቆጥረዋል፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከክሎቪስ ሳይሆን ከታላቁ ካርል ልጅ ነው። አሥራ ስድስተኛው በአብዮቱ ጊዜ በጥር 1793 አንገቱን ተቆርጧል። ከፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ስሙ በጋብቻና በዝና ወደ ሌሎች አገሮች ተሠራጨ፦ በስፓኒሽ ሉዊስ፣ በጣሊያንኛ ሉዊጂና ሎዶቪኮ፣ በእንግሊዝኛ ሌዊስ፣ በደችኛ ሎደቫይክ፣ በፖላንድኛ ሉድቪክ፣ በሀንጋሪኛ ላዮሽ፣ በባስክ ቋንቋ ደግሞ ኮልዶቢካ፤ ባስኮች ሲያቆላምጡት ኮልዶ ይሉታል። ሉዊዝና ሉዊዛ የሴት ቅርጾቹ ናቸው። አሜሪካ ያለችው ሉዊዚያና ግዛት የተሰየመችው በአሥራ አራተኛው ሉዊ ስም ነው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ስሙ ክርስትና ወደ ፍራንኮች ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው፤ ክሎቪስ ራሱ ስሙን ያገኘው ከአሕዛብ ወላጆች ሲሆን፣ የሬምሱ ጳጳስ ሬሚጊዮስ ሲያጠምቀውም ስሙን አልቀየረውም። በካቶሊካውያን ዘንድ ስሙ የቅዱስ ስም የሆነው በዋናነት በፈረንሳዩ ንጉሥ በዘጠነኛው ሉዊ ምክንያት ነው። ይህ ንጉሥ በመስቀል ጦርነት ግብፅ ድረስ ዘምቶ ተማርኮ ነበር፤ በሁለተኛው ዘመቻው ቱኒስ ላይ ነሐሴ 25 ቀን 1270 ሞተ፣ በ1297ም ቅዱስ ተባለ። 1270 በእኛ ታሪክ ይኩኖ አምላክ የነገሠበት ዓመት ነው፤ ዘመኑን ለማስታወስ ይረዳዎታል። የቅዱስ ሉዊ በዓል በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 19 ቀን ላይ ይውላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሆነው የምዕራቡና የምሥራቁ አብያተ ክርስቲያናት ከተለያዩ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ በእኛ ስንክሳር ውስጥ ይህን ስም አይፈልጉት። ልጁን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአርባ ቀኑ ለማስጠመቅ ካሰቡ ግን ምንም ችግር አይገጥምዎትም፤ ካህኑ ለማንኛውም የክርስትና ስም ያወጡለታል፣ ሉድቪግም ልክ እንደ ደምሰው ወይም እንደ ግዛው የዓለም ስሙ ሆኖ ይቀጥላል።

ጓደኛዎ ስላስፈራሩዎት ንጉሥ ደግሞ። ሰውየው የባቫርያው ዳግማዊ ሉድቪግ ነው፤ ከ1864 እስከ 1886 ነግሦ ነበር፣ ዛሬ ጎብኚዎች የሚጎርፉበትን የኖይሽቫንሽታይን ግንብ ያሠራው እርሱ ነው። በ1886 የሐኪሞች ቡድን አእምሮው ታውኳል ብሎ ፈረመበት፤ ሐኪሞቹ ግን ንጉሡን ራሱን ቀርበው አልመረመሩም ነበር። ከዙፋን በወረደ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ሰኔ 13፣ እርሱና የቡድኑ መሪ የነበረው ሐኪም በሽታርንበርግ ሐይቅ ውስጥ ሞተው ተገኙ። «አብዶ ሞተ» የሚለው እንግዲህ የከሰሱት ሰዎች ቃል ነው፤ እኔ በዚያ ፍርድ ላይ ማኅተሜን አላኖርም። ለእርስዎ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ስሙን ያገኘበት መንገድ ይመስለኛል። የተወለደው ነሐሴ 25 ቀን 1845 ነው፤ ወላጆቹ ኦቶ ሊሉት ነበር። አያቱ ቀዳማዊ ሉድቪግ ግን እርሱም በዚሁ ቀን፣ በቅዱስ ሉዊ በዓል፣ በ1786 የተወለደ ስለነበረ ሕፃኑ የእርሱን ስም ካልያዘ ብሎ አጥብቆ ያዘ፤ እንዳለውም ሆነ። አያትየው ስሙን ያገኘው ደግሞ ከክርስትና አባቱ ነው፤ የክርስትና አባቱ ኋላ አንገቱን የተቆረጠው የፈረንሳዩ ንጉሥ አሥራ ስድስተኛው ሉዊ ነበር። በነገራችን ላይ ሙኒክ ውስጥ በየዓመቱ የሚከበረው ኦክቶበርፌስት የተጀመረው ይህ አያት በጥቅምት 1810 ባደረገው ሠርግ ነው።

ያው ልማድ በተራው ሰው ቤትም ነበር። ቤትሆቨን በታኅሣሥ 1770 ቦን ከተማ ሲጠመቅ ሉድቪግ የተባለው በአያቱ ስም ነው፤ አያቱ በቦን ቤተ መንግሥት የሙዚቃ አለቃ የነበሩ ሰው ናቸው። ከእርሱ በፊት በ1769 የተወለደው ወንድሙም ሉድቪግ ተብሎ ነበር፤ ያ ሕፃን ከጥቂት ቀናት በላይ ስላልቆየ ስሙ ለሚቀጥለው ልጅ ተላለፈ። የአያት ስም መሬት እንዳይወድቅ የነበረው ጥንቃቄ ይህን ያህል ነበር። የስሙ መነሻ «የተሰማ» መሆኑንና ቤትሆቨን በሃያዎቹ ዕድሜው መጨረሻ መስማት እየተሳነው እንደሄደ አገናኝተው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ፤ እኔም አንዳንድ ጊዜ ትዝ ይለኛል፣ ነገር ግን ከአጋጣሚነት አያልፍም። ወደ እኛ አገር የመጣ ሉድቪግም አለ፦ በ1830ዎቹ መጨረሻ መጥቶ አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት እስከ 1842 የቆየው ሚሲዮናዊ ሙሉ ስሙ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ነው።

አንድ ማደናገሪያ ላስወግድ። ሉዶልፍ የሚለው ስም፣ ማለትም ከአባ ጎርጎርዮስ አማርኛና ግእዝ ተምሮ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው የኢዮብ ሉዶልፍ የቤተሰብ ስም፣ በ‹ሉድ› ስለሚጀምር ብዙዎች የሉድቪግ ዘመድ ያደርጉታል። አይደለም። የሉዶልፍ መነሻ ‹ሊውት›፣ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ነው፤ ዛሬ በጀርመንኛ ‹ሎይተ› ተብሎ ይነገራል። ሁለተኛው ክፍሉ «ተኩላ» ነው። ሁለቱ ስሞች የተመሳሰሉት ድምፃቸው በዘመናት እየተሸረሸረ ሲሄድ ነው።

ተኩላን ካነሣሁ አይቀር፣ አዶልፍ የሚለው ስም ቢፈታ «ክቡር» እና «ተኩላ» ነው። በቃል ፍቺ ካየነው ከሉድቪግ አያንስም፤ ከ1945 በኋላ ግን ለልጁ የሚያወጣው ጀርመናዊ ማግኘት ያስቸግራል። የስሙን ዕድል የወሰነው በውስጡ ያሉት ቃላት ሳይሆኑ የያዘው ሰው ነው። ሉድቪግ ላይ እንዲህ ያለ ጥላ አላረፈም። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ያረጀ ስም ተብሎ ወደ ጎን ተትቶ ነበር፤ በባቫርያ ግን ጨርሶ አልጠፋም፣ የአያቶችን ስም መልሶ የማንሣት ልማድ ሲመጣም ከካርልና ከፍሪድሪሽ ጋር ተመልሷል። የጀርመን የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ፣ ሽታንደስአምት የሚሉት፣ በዚህ ስም ላይ ጥያቄ አያነሣም፤ ከጎኑ ሁለተኛ ስም አድርገው የአማርኛ ስም ማስመዝገብም ይችላሉ። ለእናትዎ የሚናገር ስም የምትሰጡት በዚያ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል።

ማቆላመጫው ላይ ጥቂት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሉትስ የተለመደና የተከበረ አጠራር ነው፤ በባቫርያ ቪገርል፣ በኦስትሪያ ሉጊ ይሉታል። ሉደ የሚለውን ግን ይተዉት፤ ከዚሁ ስም የወጣ ቢሆንም በጀርመን የመንገድ ቋንቋ አቃጣሪ ማለት ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥም ልጆች አይምሩትም።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ በመደበኛው ጀርመንኛ ‹ድ› ወደ ‹ት› ይጠጋል፣ የመጨረሻው ድምፅም በ‹ሽ›ና በ‹ኽ› መካከል ያለ፣ በፊደላችን የማይገኝ ድምፅ ነው፤ በደቡቡ ክፍል ግን ጥርት ያለ ‹ክ› ይሰማል። በአማርኛ ሰነድ ላይ ሲያስጽፉ ሉድቪግ ብለው ቢጽፉ ይበቃል፤ ሉድዊግ የሚለው በእንግሊዝኛ ንባብ የመጣ ስለሆነ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። እናትዎ ምናልባት ቪዛን ቢዛ እንደምንለው ሉድቢግ ይሉት ይሆናል፤ ከኽሎዶዌኹስ እስከ ኮልዶ የተጓዘ ስም ይህችን አንዲት ‹ቢ› ጨምሮ ቢሸከም አይከብደውም። ከባለቤትዎ አባት ጋር ስትገናኙ ግን እርሳቸው ራሳቸው ስሙን ከማን እንዳገኙ ይጠይቋቸው፤ ለእናትዎ «ትርጉሙ ይህ ነው» ብለው የሚነግሯቸው ያንን ነው።